ስምንት ቋሊማና አንድ ኦቨን

«ኪሴ ውስጥ ናቸው። አምስቱንም ነቅያቸዋለሁ፤ ዛሬ እንኳ ሥራዬን በሰላም እሠራለሁ።»

ወይዘሮ ሜቪስ ልጃቸው ናይጄል ይህን ሲል የሰሙት ማክሰኞ ጠዋት፣ ከደረጃው አጋማሽ ላይ ቆመው፣ አንድ እግራቸውን ነጠላ ጫማ ውስጥ አግብተው ሌላውን ጫማ በእግራቸው ሲፈልጉ ነው። ናይጄል የውጭው በር ላይ ሆኖ ለሚስቱ ለሜላኒ ነበር የሚያወራው። ሜላኒ የሰጠችው መልስ በሩ ሲዘጋ አብሮ ተዘጋ። ወይዘሮዋ የቀረውን ደረጃ ወርደው ኩሽና ሲገቡ የተነቀለው ምን እንደሆነ አዩ። የጋዝ ምድጃው ማዞሪያ የለውም። የአራቱ እሳቶችና የትልቁ ኦቨን ማዞሪያዎች በነበሩበት ቦታ አምስት ቀጫጭን ብረቶች ብቻ ወጣ ወጣ ብለው ቀርተዋል፤ ምድጃው ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ የተኛ ሽማግሌ መስሏል። በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያው ላይ በናይጄል ጥንቁቅ ጽሕፈት የተጻፈች ወረቀት ተለጥፋለች፦ «እማዬ፣ ሻይ በዚህ አፍዪ። ሳንድዊች ፍሪጅ ውስጥ አለልሽ። እንወድሻለን።» «እንወድሻለን» ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ወይዘሮ ሜቪስ ጥፋት የለብኝም አይሉም። በግንቦት ወር ድንች ሊጠብሱ ዘይት ጥደው ስልክ ሊያነሡ ሄዱ። የደወለው የመስኮት መስታወት ሻጭ ነበር፤ ደግሞ ጨዋታ አዋቂ ሆኖ ተገኘ። ሲመለሱ የኩሽናው መጋረጃ እየነደደ ነበር። ከመጋረጃውና ከግድግዳው ቀለም በቀር የተጎዳ ነገር የለም፤ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ከቤቱ ዕቃ መጥፋት ጀመረ። መጀመሪያ ክብሪቱ ጠፋ። በሐምሌ ካውያው ጠፋ። በመስከረም የአልጋቸው ማሞቂያ ብርድ ልብስ ጠፋ፤ ናይጄልም «ሽቦው አርጅቷል» አለ። ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ከዛሬ ጀምሮ አታበስዪም ያላቸው የለም። ልጃቸው የየቢሮውን የእሳት ማጥፊያ እየዞረ የሚመረምር ሠራተኛ ነው፤ ሰው እንዴት ሊቃጠል እንደሚችል ሲያሰላ የሚውል ሰው እቤቱ ሲገባ ሒሳቡን አያቆምም። ወይዘሮዋ ሻያቸውን ይዘው ተቀመጡና እነዚያን አምስት ብረቶች እያዩ እንዲህ አሉ በልባቸው፦ ዛሬ ማዞሪያው ነው፤ የሚቀጥለው የውጭ በር ቁልፍ ነው፤ ከዚያ የሚቀጥለው ደግሞ እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ ናይጄል ቴሌቪዥን እያየ፣ ዞር ሳይል፣ «አሁን እኮ ለአዛውንት የሚሆኑ ጥሩ ጥሩ ቤቶች አሉ፣ የአትክልት ቦታ ሁሉ ያላቸው» ብሎ ነበር። ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው የቀጠለው።

ከሁሉ በላይ የከነከናቸው ግን የትናንትናው ነገር ነው። ሜላኒ በከተማው ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ትናንት ማታ ከሥራ ስትገባ ኮቷን ሳታወልቅ፣ የሥራ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ቆማ ደረቅ ዳቦ በላች። ናይጄል ከማቀዝቀዣው ፒዛ አውጥቶ ኦቨን ውስጥ ሲከት እየሳቀች፣ «አንድ ቀን እቤቴ ስገባ የሞላ ሳህን ፊቴ ሲቀመጥ ባይ፣ እንባዬ ይመጣል መሰለኝ» አለች። የሳቀው እሷ ብቻ ነበረች። ወይዘሮ ሜቪስ ለአርባ ዓመት በየምሽቱ ሳህን ሲያስቀምጡ ኖረው በዚያች ደቂቃ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጣቸው እንደ ስድብ ተሰማቸው። ማክሰኞ ጠዋት ሻያቸውን ጨርሰው ሲነሡ ቁርጥ አድርገው ወስነው ነበር፤ ዛሬ የሜላኒን ሳህን እሳቸው ይሞሉታል።

መጀመሪያ የባላቸውን የመሣሪያ ሣጥን ከደረጃው ሥር አወጡና ፒንሳውን አነሡ። የኦቨኑን ብረት ያዝ አድርገው ሊያዞሩት ሲሉ እጃቸው ቆመ። በፒንሳ ጋዝ የምትከፍት አሮጊት ከሆኑ እኮ ናይጄል ልክ ነበር ማለት ነው! ፒንሳውን ወደ ሣጥኑ መለሱ። ልጃቸው የነቀለው የዚህን ቤት ማዞሪያ ነው፤ የመንገዱን ቤት ሁሉ አልነቀለም።

የሸፊልድ ከተማ ዳገት ለወራጅ ደግ ነው፤ የሚበቀለው ሲመለሱ ነው። ወይዘሮ ሜቪስ የዝናብ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባለ ጎማውን ዘንቢላቸውን እየጎተቱ ቁልቁል ወደ ገበያው መንገድ ወረዱ። ጥቅምት ስለሆነ የእግረኛው መንገድ በረጠበ ቅጠል ተሸፍኗል። ሉካንዳ ቤቱ ውስጥ አራት ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ባለቤቱ ክላይቭ በሰው ሁሉ ራስ ላይ አሻግሮ አያቸውና ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ወይዘሮ ሜቪስ! ከግንቦት ወዲህ ዓይንዎን ያየ የለም። ሥጋ ተዉ ወይስ እኔን ተዉ?»

«ሁለታችሁንም አልተውኩም። ስምንት ቋሊማ ስጠኝ፣ ከዚያ ከወፍራሙ።»

«እንግዳ አለብዎት?»

«ለምራቴ ነው።»

«ለምራት ስምንት ቋሊማ!» ክላይቭ ወደ ተሰላፊዎቹ ዞረ። «ሰማችሁ? የኔ አማት ለልደቴ የሰጠችኝ ካልሲ ነው፤ እሱንም አንድ እግሩን።» ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ክላይቭ ቋሊማውን በወረቀት ጠቅልሎ «አምስት ፓውንድ ከስልሳ» ሲል ወይዘሮዋ ቦርሳቸውን እንደከፈቱ ቀና ብለው አዩት። «በፋሲካ አራት ከሰማንያ አልነበረም?» አሉት። «አሳማው የደመወዝ ጭማሪ ጠይቆ ነው» አላቸው፤ ከዚያም የተጨነቀ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በኦቨን ነው አይደል የሚሠሩት? በመጥበሻ ከሆነ አልሸጥልዎትም» አለ። «በኦቨን ነው» አሉ ወይዘሮ ሜቪስ። የማን ኦቨን እንደሆነ አልነገሩትም፤ እሳቸውም ገና አላወቁትም።

ከአትክልት ቤቱ ትንንሽ ድንች፣ አራት ካሮት፣ ሁለት ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ዝኩኒ፣ ከዚያ ቀይና ቢጫ ጣፋጭ ቃሪያ ገዙ። ቢጫው ቃሪያ ጎኑ ትንሽ ስለተመታ ሻጭዋ በግማሽ ዋጋ ሰጠቻቸው። ዳገቱን በአውቶቡስ ወጡ፤ ሹፌሩም ዘንቢላቸውን እስኪያወርዱ በትዕግሥት ጠበቃቸው። እቤት ሲደርሱ ሳንድዊቹን ከፍሪጅ አውጥተው ቆመው በሉት፤ ርቧቸው ነበርና በሳንድዊቹ አልተቀየሙም።

ከሰዓት በኋላ ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ተቀመጡ። ይህ ምግብ ብልሃት የለውም፤ ደግነቱም እሱ ነው። ከሥራ የሚመጣ ሰው፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ፣ ሁሉም ሊሠራው ይችላል። ድንቹን ሳይልጡ አጥበው ለሁለት ለሁለት ከፈሉት። ካሮቱን እንደ ጣት አድርገው ቆረጡት። ሽንኩርቱን በአራት በአራት ሰነጠቁት፤ ቃሪያውንና ዝኩኒውን ቶሎ ስለሚበስሉ ተለቅ ተለቅ አደረጉት። ሁሉንም ከንፈሩ ከፍ ባለው ጥቁሩ መጋገሪያ ትሪ ላይ ገልብጠው ዘይት አፈሰሱበት፤ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከጓሮ የቀነጠሱትን ጦስኝ፣ አምስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ ጣል አደረጉበት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሰናፍጭና አንድ ማንኪያ ማር በኩባያ መትተው ቋሊማዎቹን ቀቧቸው፤ ከዚያም በአትክልቱ ላይ ስምንቱንም ጎን ለጎን አጋደሟቸው። አምስት ወር ሙሉ ቢላዋ ሳይዙ ከርመው እጃቸው ምንም አለመርሳቱ ገረማቸው። ያለ ሐሳብ እያንጎራጎሩ እንደነበር ያወቁት ዝም ሲሉ ነው። ትሪውን በፎይል ሸፍነው ሰዓታቸውን አዩ፤ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ሜላኒ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትገባለች። ኮታቸውን ለበሱ፣ ትሪውን በሁለት እጃቸው አቀፉ፣ የበሩን መዝጊያ በተረከዛቸው ስበው ካፊያው ውስጥ ወጡ።

የግራ ጎረቤታቸው ሩክሳና ገና በሩን ስትከፍት ሳቀች፤ ወይዘሮዋን እንደ አክስቷ «አንቲ» ነው የምትላቸው። «አንቲ! ግቡ ግቡ፤ በዚህ ዝናብ ምን አቅፈው ነው?»

«ኦቨንሽን ለአንድ ሰዓት አበድሪኝ። የኔውን ልጄ ኪሱ ውስጥ ከቶት ሄዷል።»

ሩክሳና ምን ማለታቸው እንደሆነ እስኪያስረዷት ድረስ አፏን ይዛ ሰማች፤ ከዚያ የፎይሉን ጫፍ ገለጥ አድርጋ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። «አንቲ… ቋሊማው የምንድን ነው?»

ወይዘሮ ሜቪስ ዓይናቸው ፈጠጠ። «ውይ! ውይ የኔ ነገር! የአሳማ ነው!»

«የበግ ቢሆን እኮ ኦቨኑን ነቅዬ እሸከምልዎት ነበር» አለች ሩክሳና። ከፎቅ የአማቷ ድምፅ መጣ፤ ማን ነው፣ ምን ሸተተ የሚል ይመስላል። «ገና ጥሬ ሆኖ ሸቷታል» ስትል ሁለቱም ግድግዳ ተደግፈው እስኪደክማቸው ሳቁ። ሩክሳና ጃንጥላ አንሥታ አብራቸው ወጣች። እምቢ ያለች መስላ መቅረት አልፈለገችም።

የቀኙን ቤት ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተከራይተውታል። የከፈተችላቸው ልጅ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ነበር፤ በደስታ አስገባቻቸውና የኦቨኑን በር ስትከፍት ከውስጡ ሁለት ጥንድ ጫማ፣ አንድ ቆርቆሮ ብስኩትና የታጠፈ የመታጠቢያ ፎጣ ወጣ። «ለካ ኦቨን ነው!» አለች ራሷም ተገርማ። «እኛ እኮ ከገባን ጀምሮ ቁም ሣጥን ነው ያደረግነው።» ሊያበሩት ሞከሩ፤ አልበራም። ልጅቷ ከልቧ አዘነችና ከብስኩቱ አንዳንድ ሰጠቻቸው። ውጪ ቆመው ብስኩታቸውን ሲበሉ ሩክሳና ከመንገዱ ማዶ ያለውን አረንጓዴ በር አየች።

«አንቲ፣ ወይዘሮ ቤሪል ጋስ?»

ወይዘሮ ሜቪስ ብስኩታቸውን ዋጡ። ከወይዘሮ ቤሪል ጋር ከተነጋገሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ባላቸው ዋልተር ጓሮው ውስጥ ርግቦች ነበሩት፤ ለውድድር የሚለቀቁ፣ በስም የሚጠራቸው ሃያ ሁለት ርግቦች። አንድ ቀን ከማዘጋጃ ቤት ሰው መጣና የርግቦቹ ቤት ያለ ፈቃድ የተሠራ ስለሆነ ይፍረስ አለ። ማን እንደከሰሰ መንገዱ ሁሉ ያውቃል። ዋልተር ቤቱን በገዛ እጁ አፈረሰ፤ ርግቦቹን ሸጠ፤ በዓመቱ ልቡ ቆመ። ወይዘሮ ቤሪል ለቀብሩ አልመጡም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ቆሻሻ ሊያወጡ እንኳ ሲገናኙ አንዳቸው ሰማዩን ያያሉ፤ ሌላዋ ቆሻሻውን ያያሉ። አሁን ግን ለአሥራ አንድ ሰዓት የቀረው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ትሪውም እየከበደ ነው። ወይዘሮ ሜቪስ መንገዱን ተሻገሩ። ሩክሳና ጃንጥላውን ይዛ አጥሩ ጋ ቀረች።

ወይዘሮ ቤሪል በሩን ከፍተው እሳቸውን አዩ፣ ትሪውን አዩ፣ እንደገና እሳቸውን አዩ። አጭር፣ ደንዳና፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው።

«ኦቨን እፈልጋለሁ» አሉ ወይዘሮ ሜቪስ።

«የራስሽስ?»

«ናይጄል ማዞሪያውን ነቅሎ ይዞት ሄደ። ቤት አቃጥላለሁ ብሎ ፈርቶ።»

ወይዘሮ ቤሪል መነጽራቸውን አድርገው ወደ ትሪው ጎንበስ አሉ። «መቶ ሰማንያ ዲግሪ ነው ወይስ ሁለት መቶ?» አሉ።

«ሁለት መቶ።»

«ጫማሽን ጥረጊ።»

ኩሽናው ሞቃትና በጣም ንጹሕ ነው። ወይዘሮ ቤሪል ኦቨኑን ለኩሰው እስኪግል ድረስ ፎይሉን ገልጠው የውስጡን መረመሩ። «ካሮቱን አወፈርሽው» አሉ። «አላወፈርኩትም» አሉ ወይዘሮ ሜቪስ። ትሪው ገባ። ወይዘሮ ቤሪል የእንቁላል ቅርጽ ያላትን የደወል ሰዓት ለሃያ አምስት ደቂቃ ጠመዘዟት፤ ሰዓቷም ጠረጴዛው መካከል ተቀምጣ ትክ ትክ ማለት ጀመረች። ሁለቱም ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሻይ ተቀዳ። መስኮቱ ከሙቀቱ የተነሣ እየደበዘዘ ሄደ፤ የሽንኩርቱ ሽታ መጀመሪያ መጣ፣ ከዚያ የቋሊማው ስብ ቺስ ማለት ጀመረ። ደወሉ ሲጮህ አብረው ተነሡ፤ አንዳቸው ትሪውን ሳቡ፣ ሌላዋ ቋሊማዎቹን በሹካ አገላበጡ፣ ያለ አንድ ቃል፣ ዘመናቸውን ሙሉ አብረው የሠሩ ይመስል። ትሪው ተመለሰ፤ ሰዓቷም እንደገና ተጠመዘዘች።

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ቤሪል፣ ገና ሳይቀመጡ። «ማዘጋጃ ቤት የሄድኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ያጠብኩት አንሶላ ሁሉ ኩስ በኩስ ሆኖ ነበር። ዛሬም ቢሆን ያንን ርግብ አልወደውም። ግን መጀመሪያ በራችሁን ማንኳኳት ነበረብኝ። ለዋልተር ፊት ለፊት መናገር ነበረብኝ። ከዚያ ሲሞት ደግሞ… በየትኛው ፊቴ ልምጣ? ጥቁር ልብሴን ለብሼ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ።»

ወይዘሮ ሜቪስ ሻያቸውን አማሰሉ፤ ስኳር አልገባበትም። ለስድስት ዓመት ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው፤ መታጠቢያ ቤት ሲገቡ የሚለማመዱት። አሁን ፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አጡለት። «አንዷ ርግብ እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ «አንዷ ርግብ አንሶላሽን ሆን ብላ ነበር የምትመርጠው። ዋልተር ራሱ ያውቅ ነበር። ይስቅ ነበር።»

«ይስቅ ነበር?»

«እንባው እስኪመጣ።»

ወይዘሮ ቤሪል ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር፤ ሲስቁ ደግሞ እንደ ሕፃን ስቅ ይላቸው ነበርና ወይዘሮ ሜቪስም ተሸነፉ።

ናይጄል በዚያው ሰዓት እቤቱ ገብቷል። የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ቢላዋና የድንች ጭቃ ያለበት ጋዜጣ አገኘ፤ የእናቱ ኮት የለም፣ እናቱ የለችም። ሁለቱን ፎቅ ሮጦ ወጣ፣ ጓሮውን አየ፣ ከዚያ ያለ ጃኬት ወደ መንገዱ ወጣ። ሩክሳና በመስኮት አይታው በጣቷ አረንጓዴውን በር አሳየችው። በሩ አልተቆለፈም ነበር። ኩሽናው ደጃፍ ላይ ሲደርስ ወይዘሮ ሜቪስ ትልልቅ የኦቨን ጓንት አጥልቀው ትሪውን እያወጡ ነበር። ቋሊማዎቹ ቀልተው ያብረቀርቃሉ፤ የድንቹ ጠርዝ ተጠብሷል፤ ሽንኩርቱ በማሩ ጥቁር ቡናማ ሆኗል።

«እማዬ! ምንድን ነው የምትሠሪው?»

«እራት» አሉ ወይዘሮ ሜቪስ፣ ትሪውን ምድጃው ላይ እያስቀመጡ።

«ከተማውን ሙሉ ልፈልግሽ ነበር እኮ! ፖሊስ ልጠራ ነበር!»

«ለፖሊሱ ምን ልትለው ነበር? እናቴ ምድጃውን ብነቅልባት ከነቋሊማዋ ጠፋች?» አሉ ወይዘሮ ቤሪል።

ናይጄል ወይዘሮ ቤሪልን ልብ ያላቸው ገና አሁን ነበር። እናቱንና እሳቸውን በአንድ ክፍል ማየቱ ግራ አጋብቶት የቁጣው መስመር ጠፋበት። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ፀጉሩ ከዝናቡ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። የሚቀርበውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«በግንቦት እኮ ጭሱን ከአውቶቡስ ስወርድ ነው ያየሁት» አለ መሬት መሬት እያየ። «ዳገቱን ሮጥኩት። በሩን ከፍቼ ስጠራሽ አልመለስሽም።»

«ጓሮ ነበርኩ። መጋረጃውን ውሃ እየደፋሁበት።»

«አሁንማ አውቃለሁ። ያኔ ግን ሞተሻል። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ለኔ ሞተሽ ነበር፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ሜቪስ ጓንቱን ቀስ ብለው አወለቁ። ያን ቀን ልጃቸው ጓሮ ሲመጣ የጮኸባቸው ብቻ ነው ትዝ የሚላቸው፤ ፊቱን አላዩትም ነበር። «ለምን አልነገርከኝም?» አሉት።

«ምን ብዬ?»

«አሁን እንዳልከው ብለህ» አሉ ወይዘሮ ቤሪል።

ወይዘሮ ሜቪስ ልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ። በግንቦት የሠሩት ስሕተት መሆኑን፣ ሲያስቡት ዛሬም እንደሚያፍሩ ነገሩት። ከእንግዲህ እሳት ለኩሰው ከኩሽና እንደማይወጡ፣ ስልክ ቢጠራ እየጠራ እንደሚተዉት፣ እንደዚህች ያለች የእንቁላል ሰዓት እንደሚያስፈልጋቸው ዘረዘሩ። «ግን ፈርተህ ከሆነ ፈራሁ በለኝ፤ ተኝቼ ሳለ እየተሽሎከለክ ዕቃ አትንቀልብኝ። እቤቴ ውስጥ ሌባ ያለ ይመስለኛል።» ናይጄል ኪሱን በረበረ። አምስቱን ማዞሪያዎች ከሳንቲምና ከአውቶቡስ ቲኬት ጋር አንድ ላይ ጠረጴዛው ላይ አወጣቸውና ወደ እናቱ ገፋ አደረጋቸው። «ለኔ ምን ያደርጉልኛል? ሄደህ ከነቀልክበት መልሳቸው» አሉት። ሄደ። ሲሄድ እየሮጠ ነበር፤ ማዞሪያ ለመግጠም መሮጥ ለምን እንዳስፈለገው ራሱም አያውቅ ይሆናል።

ሜላኒ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ዳገቱን ወጥታ ወደ ቤቷ ስትታጠፍ ያየችው ነገር ይህ ነበር፦ አማቷ በፎጣ ጠቅልለው የሚያጤስ ትሪ ይዘው መንገዱን ይሻገራሉ፤ ስድስት ዓመት ሰላም የማይሏቸው ወይዘሮ ቤሪል ከጎናቸው ሆነው «ቀስ፣ ጠርዙ ላይ ነሽ፣ ቀስ!» ይላሉ፤ ሩክሳና በሁለቱ ራስ ላይ ጃንጥላ ዘርግታለች፤ አንድ መኪናም ቆሞ ያሳልፋቸዋል። ሜላኒ አስፋልቱ ዳር ቆማ ቀረች። «ምን ሆነ? ሰው ሞተ?» አለች። «ማንም አልሞተም፤ እጅሽን ታጠቢ» አሏት ወይዘሮ ሜቪስ ሳይቆሙ። ሩክሳና ከደጅ ተመለሰች፤ የራሷ እራት እሳት ላይ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ አራት ሳህን ተቀመጠ። ወይዘሮ ቤሪልን ግቡ ያላቸው ሰው አልነበረም፤ አይግቡ ያላቸውም አልነበረም፤ ትሪውን ተከትለው ገቡና ኮታቸውን ራሳቸው ሰቀሉ። ሜላኒ ከወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ወይዘሮ ሜቪስ ሁለት ቋሊማ፣ አንድ ክምር ድንች፣ ከየአትክልቱ ጠበስ ያለውን መርጠው ሞልተው ፊቷ አስቀመጡላት፤ ከትሪው ሥር የቀረውንም መረቅ በማንኪያ አፈሰሱበት። ሜላኒ ሳህኑን አየችው። አላለቀሰችም። ሹካዋን አንሥታ፣ ቀና ሳትል፣ ግማሹን ጨረሰች። ናይጄል አንድ ነገር ሊል ሲጀምር በግራ እጇ ቆይ አለችው። ነጩን ሽንኩርት ከልጣጩ ጨምቃ ዳቦ ላይ ቀባችው፤ እሱንም በላች። ከዚያ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ጣለችና ያን ጊዜ ገና ኮቷን አወለቀች።

«እማማ» አለች፣ «ይህን ማን ነው ያሳየዎት?»

«ማንም። ቆርጠሽ ትጥይዋለሽ፤ ኦቨኑ ነው የሚሠራው።»

«ካሮቱ ግን ወፍራም ነው» አሉ ወይዘሮ ቤሪል ሦስተኛውን ካሮት እያነሡ።

ናይጄል ሳቀ፤ ያስቀኝ ይሆናል ብሎ ያልጠበቀው ሳቅ ነበርና ትን አለው፤ ሜላኒ ጀርባውን መታ መታ አደረገችለት። ከዚያ ሁሉም ዝም አለ። ዝምታው ግን እንደ እሑዱ አልነበረም፤ ሹካና ሳህን ብቻ የሚሰማበት፣ ማንም ሰው ሊሞላው የማይቸኩል ዝምታ ነበር። ሜላኒ የትሪውን ጥግ በዳቦ እየጠረገች፣ ዓይኗ ከድካምና ከጥጋብ የተነሣ እየከበደ፣ ለብቻዋ እንደምታስብ ሰው በለሆሳስ ተናገረች።

«በየሳምንቱ ማክሰኞ ማክሰኞ እንዲህ ብንበላ ደስ ይለኛል።»

«ማክሰኞ እኔን አይመቸኝም» አሉ ወይዘሮ ቤሪል። «ማክሰኞ ማታ የመዝሙር ልምምድ አለኝ፤ ዛሬም ቀርቼ ነው። ረቡዕ ይሁን።»

ሦስቱም ሹካቸውን ይዘው አዩዋቸው። ወይዘሮ ቤሪል ያሉት ነገር ምን እንደሆነ የገባቸው ያን ጊዜ ነው፤ አንገታቸው ድረስ ቀሉ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። መልስ መስጠት የሚገባው ማን እንደሆነ ናይጄልም ሜላኒም ያውቁ ነበርና ወደ ወይዘሮ ሜቪስ ዞሩ። ወይዘሮ ሜቪስ አልቸኮሉም። ትሪው ላይ የቀረውን የመጨረሻውን ድንች በማንኪያ አነሡና ወይዘሮ ቤሪል ሳህን ላይ አኖሩት።

«እንግዲያው ረቡዕ ነዋ» አሉ። «ካሮቱን ግን መጥተሽ አንቺ ትቆርጪዋለሽ።»